የመንደሪን ልጣጭ ሳንባዬን አላዳነም

ከሁለት ሳምንት በላይ እያሳላችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ንባቡን እዚህ ላይ አቁሙና ሄዳችሁ አክታችሁን አስመርምሩ። የቀረውን ስትመለሱ ታነቡታላችሁ። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሙሉነሽ፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ካይሮ ሰው ቤት ስሠራ ሰባት ዓመት የሞላኝ፣ በምላስ የማልታማ ሴት፣ የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ የመንደሪን ልጣጭ ቀቅዬ እየጠጣሁ ከርሜያለሁ። ራሴን ብቻ ጎድቼ ቢሆን ኖሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም እል ነበር። የምጽፈው ሶስና በምትባል የአራት ዓመት ልጅ ምክንያት ነው።

ሳሉ የጀመረኝ በጥቅምት ነው። የጥቅምትን ካይሮ የሚያውቅ ያውቃታል። ገበሬው የሩዝ ገለባ ያቃጥላል፣ ጭሱ ከተማው ላይ ይተኛል፣ ሰው ሁሉ ያስለዋል። የሕንፃው ዘበኛ ያስላል፣ የሚኒባሱ ሾፌር ያስላል፣ ስለዚህ የእኔን ሳል ማን ቁም ነገር ብሎት! ጭሱ ሲገፈፍ የሌላው ሰው ሳል ሄደ፣ የእኔ ቀረ። ጠዋት ስነሳ አንሶላዬ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሰፋ። ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቁጭ ብዬ ማረፍ ጀመርኩ። ጓደኞቼ «ቀጥነሽ አምሮብሻል፣ ምን ተቀባሽ?» ይሉኝ ነበር። ድንቄም ማማር!

የምሠራው ኒው ካይሮ፣ ግቢ ውስጥ ያለ የቻይናውያን ቤት ነበር። ባልየው የግንባታ መሐንዲስ ነው። ማዳም አለች፣ የማዳም እናት ደግሞ አሉ፤ ሁላችንም ፖፖ እንላቸዋለን፣ በአገራቸው አያት እንደማለት ነው። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም። ሳሌን ስትሰማ ግቢው ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጽዳት ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ክሎር ትጠቀሚያለሽ?»

«አዎ፣ በረኪናውን በየቀኑ።»

«ኸላስ፣ ሐሳሲያ ነው።» ኸላስ በቃ፣ ሐሳሲያ አለርጂ ማለት ነው። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዴ እንኳ ደረቴ ላይ አላሳረፈውም። ላብስ ያልብሻል ወይ፣ ከስተሻል ወይ፣ ስንት ጊዜሽ ነው፣ አንዱንም አልጠየቀኝም። የሚነፋ መድኃኒት ጽፎ፣ «ማሌሽ»፣ ምንም አይደለም፣ ብሎ ሸኘኝ። የዚያች ማሌሽ ነገር እስከ ዛሬ ደሜን ታፈላዋለች። ቀጥሎ ፋርማሲ ሄድኩ፣ ሽሮፕ ሰጡኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ብሮንካይት ነው ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ። ሦስቱም ጋ ወረፋ ጠብቄያለሁ፤ ሁለቱ ክሊኒኮች ጋ ደግሞ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ሰዎች መሐል ስሜ ሲጠራ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ገብቼ ግን ሁለት ደቂቃ አልቆይም።

ወደ ልጣጩ ልምጣ። ፖፖ ወጥ ቤት ውስጥ የደረደሯቸው የመስታወት ማሰሮዎች ነበሯቸው፣ እኔ እንኳ አቧራቸውን ስጠርግ በሁለት እጄ ነው የምይዛቸው። ውስጣቸው ያለው የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ነው። መንደሪኑን ሲልጡ እንደ አበባ ሦስት ቦታ ከፍለው፣ ሥሩ ላይ ሳይቆርጡ ነው፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያደርቁትና ለዓመታት ያስቀምጡታል። እያረጀ ሲሄድ ይጠቁራል፣ በጠቆረ ቁጥር ይከበራል። አንዱ ማሰሮ ማዳም ስታገባ የታሸገ ነው ብለውኛል። በአገራቸው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ መድኃኒት ነው። አንድ ቀን እቃ ሳጥብ ሳሉ አላቆም ሲለኝ፣ ፖፖ ከጥቁሩ ቆንጥረው፣ በሙቅ ውሃ አርሰው፣ የውስጡን ነጭ በማንኪያ ፍቀው አፈሉና በኩባያ ሰጡኝ። ስልካቸው ላይ በቻይንኛ ተናገሩ፣ ስልኩ በአረብኛ «አክታ ያቀላል» አለኝ።

እውነት ለመናገር አቀለለው። መረር ይላል፣ ሽታው ግን ደረት ይከፍታል። የዚያን ቀን ከሰዓት ሳላስል ምንጣፉን ሁሉ ጠረግሁ። ምነው ባልረዳኝ! ምንም ባይሠራልኝ ኖሮ በሳምንቱ ትቼው ሌላ ሐኪም ፍለጋ እወጣ ነበር። ትንሽ ስለረዳኝ ነው የያዘኝ።

ሐሙስ ማታ ወጥቼ ዓርብን የማሳልፈው ኦልድ ካይሮ፣ ከማር ጊርጊስ ሜትሮ ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከእትዬ ዘውዴ ጋር በተከራየነው ክፍል ነው። እትዬ ዘውዴ በዐሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ ቀን ቀን ቢሮ ታጸዳለች፣ ሶስናን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ሶስና እዚሁ የተወለደች ናት። አማርኛዋ ግማሹ አረብኛ ነው፣ እኔን «ጣንት ሙሉ» ነው የምትለኝ፤ እዚህ አገር ልጆች አክስትን እንዲያ ነው የሚጠሩት። ሐሙስ ማታ ከመጣሁ ከእናቷ ጋር አልተኛም ትላለች። ክንዴ ላይ ነው የምትተኛው፣ አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ወትፋ። ይህን ያዙልኝ፤ በየሳምንቱ፣ አፍንጫዋን አንገቴ ሥር ወትፋ።

ፖፖ የሰጡኝን ልጣጭ ይዤ ስሄድ እትዬ ዘውዴ አገላብጣ አየችው። «ለመሆኑ እንዴት ነው የምትጠጪው?» አለችኝ።

«ዝም ብዬ ነዋ፣ እንደ ሻይ።»

«እንዲህማ መድኃኒት አይጠጣም! በባዶ ሆድ ነው እንጂ። ሰባት ቀን ቆጥረሽ። ሌላ መድኃኒት ሳትቀላቅዪ።»

እትዬ ዘውዴ የምታውቀው የጠበልን ሥርዓት ነው። የጠበል ሰው በማለዳ ሳይቀምስ ይጠጣል፣ ሰባት ቀን ይይዛል፣ አልለቅ ካለው ወደ ዐሥራ አራት፣ ወደ ሃያ አንድ ያሳድጋል። አንዳንዱም፣ ካህኑ ሳይለው፣ ኪኒኑን ያቆማል። ይኼን ሁሉ ወስደን የቻይና ልጣጭ ላይ ጫንነው! ፖፖ እራት በልተው ቴሌቪዥን እያዩ የሚጠጡትን ነገር እኛ ሱባኤ አደረግነው። እኔም አመንኩ። አልለቅ ሲለኝ ቀኑ ስላልሞላ ነው አልኩ። የፖፖ ልጣጭ ሲያልቅብን ከጋሪ ላይ ዩስፊ ገዛን፣ መንደሪኑን እዚህ ዩስፊ ይሉታል፤ ሶስና ፍሬውን በላች፣ እኔና እናቷ ልጣጩን ሕንፃው ጣሪያ ላይ በገመድ ሰቀልነው።

በጥር መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ያኔ ለማንም ሳልናገር ወደ ደረት ሆስፒታል ሄድኩ። ጠዋት ገብቼ እስከ ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ግብፃዊት እናት ስንቀጠቀጥ አይተው፣ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ሻላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝ፤ ተራቸው ደርሶ ሲገቡም አልወሰዱትም። አክታዬን ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ እሱን አልወቅስም። «ደረን» አለኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ነቀርሳ፣ ቲቢ ማለት ነው። መድኃኒቱ በነፃ እንደሆነ፣ ስድስት ወር ሳይቋረጥ እንደሚዋጥ፣ ከእኔ ጋር የሚተኛ ልጅ ካለ ዛሬ ነገ ሳልል እንዳመጣ ነገረኝ። ሌላም ብዙ ተናገረ። እኔ ግን ደረን ካለኝ በኋላ ጆሮዬ ተደፍኗል።

አሁን የምናገረው የሚያሳፍረኝን ነው። ቤት ገብቼ ለእትዬ ዘውዴ «ብሮንካይት ነው አሉኝ» አልኳት።

ለምን? ነቀርሳ ያለበትን አፍሰው ወደ አገሩ ይመልሱታል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ማን እንዳለው እንኳ አላውቅም። ሥራዬን ፈራሁ። ሰው ኩባያ ይለይብኛል ብዬ ፈራሁ። አገር ቤት አንዲት ጎረቤታችን በዚህ በሽታ ስትታመም ሰው በሯን አልፎ ሲሄድ አፍንጫውን ይይዝ ነበር፣ እኔም ልጅ ሆኜ ይዣለሁ። እሱን አሰብኩ። ሶስናን ይዤ መምጣት እንዳለብኝም አሰብኩ፤ ስሙን ሳልናገር እንዴት ብዬ ልውሰዳት? ትንሽ ይሻለኝና እነግራታለሁ አልኩ። አፈር ልብላ፣ እንደዚያ አልኩ። የዚያን ሐሙስም ክንዴ ላይ አስተኛኋት።

ኪኒኑን ጀመርኩ። በነጋታው ሽንት ቤት ገብቼ ሳየው ሽንቴ ቀይ ሆኗል፤ ብርቱካን በሉት። እንባዬ ሳይቀር ነጠላዬን አቀለመው። ክው አልኩ። ደም ነው አልኩ። ይኼ ከመድኃኒቶቹ የአንዱ ጠባይ ነው፤ ምንም አይጎዳም፣ እንዲያውም መዋጥሽን ያሳያል። ሐኪሙ ነግሮኝም ይሆናል። እኔ አላውቅም ነበር፣ የምጠይቀውም ሰው አልነበረኝም፤ ስሙን ደብቄዋለሁና። ለእትዬ ዘውዴ ቀለሙን ብቻ ነገርኳት።

«አላልኩሽም!» አለች ጭኗን መትታ። «ልጣጩና ኪኒኑ ሆድሽ ውስጥ ተጣልተው ነው! አንዱን ተዪ፣ ኩላሊትሽን ሳይጨርሱት።»

እሷ ብሮንካይት መስሏት ነው። ነቀርሳ መሆኑን ብታውቅ ራሷ እየጎተተች ሆስፒታል ትወስደኝ ነበር። ሰው ቢጠይቀኝ ለረጅም ጊዜ «እሷ ናት ያስቆመችኝ» እል ነበር። ውሸት ነው። ያልነገርኳትን በምን ታውቀው? ኪኒኑን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ልጣጩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ወር አለፈ። ሳሉ በረታ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ረቡዕ ወጥ ቤት ውስጥ ሳስል ማጠቢያው ላይ ደም ተፋሁ። ቀና ስል ፖፖ በሩ ላይ ቆመዋል። ማጠቢያውን አዩ፣ እኔን አዩ። መሀረብ አፋቸው ላይ ይዘው ስልካቸውን አወጡ። «ሐኪም ዘንድ ሄደሻል?» አለ ስልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከኪኒኑ ይልቅ የእርስዎን መድኃኒት መረጥኩ አልኩ፣ የሚደሰቱ መስሎኝ! ስልኩ ያልኩትን በቻይንኛ ሲነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ያን ያህል የተቆጡ አሮጊት አይቼ አላውቅም። ከኪሳቸው የኪኒን ሣጥን አወጡ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸው ነው። አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣሉ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የልጣጭ ውሃ አንሥተው፣ ዓይኔን እያዩ ዋጡት። ከዚያ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረጉትና ስልኩ ላይ ጮሁበት። ስልኩ በዚያች በማትቆጣ ድምፁ «ይህ ለአክታ ነው፣ ደም ሲመጣ ሆስፒታል ነው፣ እኔም እሄዳለሁ» አለኝ።

ማዳም በዚያው ቀን ልብሴን እንድይዝ ነገረችኝ። ፈርታለች። እነሱ በኋላ ተመርምረው ነፃ ሆነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያኔ ግን ሰባት ደቂቃ ሰጥታ እንደ ሌባ ያስወጣችኝን አልረሳም፤ ለአንድ ዓመት ከግማሽ ቤቷን የያዝኩ ሴት ነኝ። ፖፖ እስከ በር ሸኙኝ፣ ጭምብል ራሳቸው አሰሩልኝ።

ሆስፒታሉ መልሶ ተቀበለኝ፣ ሁለት ሌሊትም እዚያው አደርኩ። ሐኪሙ ማቋረጤን ሲሰማ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ፣ በሽታው መድኃኒቱን እንዳልተላመደ እስኪጣራ ድረስ ነፍሴ አልተመለሰችልኝም። «ልጅቷስ?» አለኝ። ልጅቷስ። ዓርብ ጠዋት ለእትዬ ዘውዴ ልነግራት እየሮጥኩ ደረጃውን ወጣሁ።

ሶስና ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። በሁለት እጇ ኩባያ ይዛለች። «ጣንት ሙሉ፣ ዳቦ ስጪኝ፣ እማዬ እስክጠጣ አትበዪም አለችኝ።» ከዚያ አሳላት። የእኔን ሳል አሳላት።

«ሦስተኛ ቀኗ ነው» አለች እትዬ ዘውዴ። «ባለፈው ሳምንት ከሄድሽ ወዲህ ያስላታል። ላንቺ ከጠቀመሽ ብዬ…»

ኩባያውን ከልጅቷ እጅ ነጥቄ ወረወርኩት። ጮኼ ነው የነገርኳት። «ነቀርሳ ነው! ብሮንካይት አይደለም፣ ነቀርሳ ነው ያለብኝ! ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ!»

እትዬ ዘውዴ አልጮኸችም። ልጇን አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለቻት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «እቅፍሽ ውስጥ እያስተኛሁልሽ?» ብቻ አለችኝ።

የሶስና ራጅ ላይ ጥላ ተገኘ። ይዟታል። ለእሷም ስድስት ወር ታዘዘላት። ከክፍሉ ወጥቼ እዚያው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለች አንዲት የብሎኬት ክፍል ገባሁ። ገመዱ ላይ የሰቀልነው ልጣጭ ገና እንዳለ ነበር። ከነገመዱ በጥሼ ጣልኩት። እትዬ ዘውዴ አላናገረችኝም። ነገር ግን በየቀኑ ደረጃው ላይ በሳህን የተከደነ ምግብ አስቀምጣ ትወርዳለች፤ ሥራ ባልነበረኝ ወራት የበላሁት እሱን ነው።

አንድ ቀን፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ለሰው አታስተላልፊም ካለኝ በኋላ፣ ከታች ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። «ሙሉነሽ! ውረጂ! አልውጥም ብላኛለች!» ወረድኩ። ሶስና አፏን ገጥማ ማዕዘን ይዛለች። ኪኒኔን አምጥቼ ፊት ለፊቷ ዋጥኩ። «የኔ ሽንት ብርቱካን ነው፣ ያንቺ ግን አይመስለኝም» አልኳት። ተናደደች። «የኔም ነው!» ብላ የሷን ዋጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ሁለታችን አብረን ነው የዋጥነው፣ እትዬ ዘውዴ ደግሞ መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታን ትቆማለች።

ሁለታችንም ጨረስን። በመጨረሻው ቀጠሮ ነፃ ናችሁ ተባልን። ስንመለስ ሜትሮው ውስጥ የሴቶቹ ፉርጎ ላይ ተቀመጥን፤ ሶስና እናቷ ጭን ላይ፣ እኔ ከጎን፣ መሐላችን የእትዬ ዘውዴ ቦርሳ። ያን ሁሉ ወር የትም ስንቀመጥ ቦርሳዋን መሐል ታደርገው ነበር። ፊት ለፊታችን አንዲት ግብፃዊት፣ የአትክልት ፌስታል እግሯ ሥር፣ ታስላለች። የማውቀው ሳል ነው። ወለሉን አየሁ።

ሶስና ግን ፊት ለፊት አየቻት። «ጣንት» አለቻት በአረብኛ፣ ፉርጎው ሁሉ እስኪሰማ፣ «ደረን ነው ያለብሽ? እኔም ነበረብኝ። ሆስፒታል ሂጂ። ሽንትሽ ብርቱካን ይሆናል፣ ግን እንዳትፈሪ።»

አንዷ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አንዲት ባልቴት እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው «ሚስኪን! እንዲህ ትንሽ ልጅ ከማን ያዛት?» አሉ።

እትዬ ዘውዴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቀኝም፣ ሁለት ጣቢያ ነው የቀረን።

«ከኔ» አልኩ። «አውቄው ደብቄያት ነው።»

የምታስለው ሴትዮ አፏን በሻርፗ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «የትኛው ሆስፒታል ነው?» አለችኝ።

የት እንደምትወርድ፣ በየትኛው በር እንደምትገባ፣ በስንት ሰዓት ብትሄድ ወረፋው እንደሚያጥር ነገርኳት። ስጨርስ ሶስና ከእናቷ ጭን ወርዳ እኔ ላይ ልትወጣ ስትታገል አየሁ። እትዬ ዘውዴ ቦርሳዋን ከመሐላችን አነሣችላት።